በቀኝ በኩል የተበላ ጎማ

ይህ ነገር የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ ሕልምም አይደለም።

ማመን የሚከብደው ካለ አልፈርድበትም። ሌላ ሰው ቢያወራው እኔም "ይኼ ሰውዬ ምን ጠጥቶ ነው ከቤቱ የወጣው?" ብዬ ባለፍኩ ነበር።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ዓርብ ቀን ነው፣ የነሐሴ መጨረሻ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው አሜሪካ፣ አዮዋ ነው፤ የአውራጃችን የእርሻ ትርኢት የሚደረግበት ሜዳ። ከአጥሩ ማዶ ልጆች ትልቁ የመጫወቻ መንኮራኩር ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። ከበረቱ በኩል ደግሞ የትኛው አሳማ አንደኛ እንደወጣ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ምን ክፉ ነገር ይመጣል ትላላችሁ?

እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት...

ኦርሊን እባላለሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። በአፈር መም ላይ ለሚወዳደሩ ሞተር ሳይክሎች ሻንሲ እሠራለሁ፤ ለተወዳዳሪዎቹ ደግሞ የብረት ጫማ እበይዳለሁ። ራሴ ግን በሕይወቴ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ወንድሜ ቨርል "ደግሶ የማይበላ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የብረት ጫማ የምለው ነገር ይኸውላችሁ። የእኛ ውድድር የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ኩርባው ላይ ሞተሯ በግራ ጎኗ ትጋደማለች፣ ተወዳዳሪው ግራ እግሩን አውጥቶ መሬቱ ላይ ያንሸራትታል። በዚያ ፍጥነት አፈሩ ቆዳ አይምርም። ስለዚህ ከግራ ቦት ጫማው ሥር ብረት ይታሰራል። ብረቱም በተራው ያልቃል፤ እኔ ጋ ይመጣል፤ በብየዳ እሞላዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ይህን ስሠራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው በጫማው ይታወቃል። አንዱ ተረከዙን ይጨርሳል፣ ሌላው መሃሉን። እንደ ፊርማ ነው። የሁለት ሰው አንድ ሆኖ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት ማርሊስ ጫማዋን ይዛ መጣች።

ማርሊስ የቨርል ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ትልቁ ውድድር ነበረባት።

"እስከ ነገ ይድረስልኝ አጎቴ" አለችና ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው።

አዲስ ነው። ከሠራሁት ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። አንስቼ ገለበጥኩት...

ክው አልኩ።

ማርሊስ ሁልጊዜ የምትጨርሰው ተረከዙን ነው፤ በውስጥ በኩል። ይኼኛው ግን ተረከዙ አዲስ እንደሆነ ነው። የተበላው የውጭ ጎኑ ነው፣ የትንሿ ጣት ጫፍ።

በትንሿ ጣቱ ጫፍ የሚያንሸራትት ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የበቆሎ ጋሪ እግሩ ላይ ወጣበት፤ ከዚያ ወዲያ አውራ ጣቱ መሬት በደንብ ረግጦ አያውቅም። ጋሪውን የሚጎትተውን ትራክተር የምነዳው እኔ ነበርኩ።

ያ ሰው ቨርል ነው።

ቨርል ደግሞ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚሁ ሜዳ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ።

"ማርሊስ..." አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ይህን ጫማ ማን አድርጎት ነው?"

"እኔ ነኛ።"

"ሌላ ሰው አላደረገውም?"

"ማን ያደርገዋል? 'እግርሽ የሕፃን ነው' እያልክ ስትስቅብኝ የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ሳቀች። ግን እየሳቀች ዓይኗ ወደ ኤልዶን ሄደ። ኤልዶን ደግሞ ቶሎ ብሎ መሬት መሬት አየ።

ኤልዶን ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሸሪኬ ነው። በትርኢቱ ሰሞን እንጨት ላይ የተሰካ ቋሊማ ከእጁ አይለይም፤ ቀልድም ከአፉ አይጠፋም። የዚያን ቀን ጠዋት ቋሊማው እጁ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። ቀልዱም አልነበረም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ደግሞ ሚስቴ ሳልጠይቃት ኬክ ብትጋግርልኝ "ምን አጥፍታ ነው?" የምል ሰው ነኝ።

ጫማውን ሞላሁላት፣ ሞረድኩት፣ ሰጠኋት።

ከዚያ ሞተሯን ላያት ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር። ቨርል ከሞተ ወዲህ የማርሊስን ሞተር ጠጋ ብዬ አይቼ አላውቅም። የሌላውን ሁሉ እሠራለሁ፤ የእሷን ግን ልቤ አይችልም። ሞተሯን ያዘጋጀላት ኤልዶን ነው። ሻንሲውን "ኦሃዮ ካለ አንድ ሰውዬ ገዛሁት" ብሎኝ ነበር። አምኜው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የልምምድ ዙር አልቆ ሰዉ ሎሚ ጭማቂ ሊጠጣ ሲበተን፣ ሞተሯ ብቻዋን ቆማለች። ብርቱካናማ ቀለም ተቀብታለች። ጎንበስ ብዬ ጎማዋን አየሁ።

ቆይ... እንደገና አየሁ።

ጎማው የተበላው በቀኝ በኩል ነው።

ይህን የእኛን ሥራ የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ይል ይሆናል። ወደ ግራ ብቻ የምትዞር ሞተር የምትጨርሰው የጎማዋን ግራ ጎን ነው። ቀኙ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ሳይረግፍ ነው የሚጣለው። የዚህች ሞተር ጎማ ግን ግራው ከቀኙ የተሻለ ነበር።

ጣቴን አስኬድኩበት። የተበላው ቦታ ላይ ጭቃ አለ።

እርጥብ ጭቃ ነው።

መሙ ደግሞ በዚያን ሰዓት እንደ ሸክላ ደርቆ ነበር። ውሃ የሚያርከፈክፈው መኪና ገና አልመጣም።

"ኤልዶን" አልኩ ሳልዞር። ከኋላዬ እንደቆመ ከትንፋሹ አውቄያለሁ።

"አቤት።"

"ይህቺ ሞተር ወደ ቀኝ የምትዞረው የት ነው?"

ጎንበስ ብሎ እሱም ጎማውን አየ።

"ጎማውን ገልብጠህ ገጥመኸው ነው?"

"አይደለም" አለ በሹክሹክታ። "ጎማው ላይ መዞሪያውን የሚያሳየውን ቀስት እየው። በትክክል ነው የገጠምኩት።"

ቀስቱን አየሁ። ልክ ነው።

ያኔ ነው እጄን ከመቀመጫው ሥር የሰደድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም... ምናልባት እጄ ከእኔ ቀድሞ ጠርጥሮ ይሆናል። ከቀለሙ ሥር ያለውን ብየዳ ዳሰስኩት። የሰው ብየዳ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። እኔ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ጠምዘዝ አደርገዋለሁ፤ አባቴ ያስተማረኝ ነው።

ጠምዘዝ ያለው ነገር አውራ ጣቴ ሥር ነበር።

የእኔ ብየዳ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር ደግሞ እንዲህ የበየድኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የቨርል ሻንሲ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ወግ ልንገራችሁ። ሰው መሙ ላይ ከሞተ፣ የሞተባትን ሞተር ወንድሙ ይገፋታል። ሳትነሳ፣ በእጅ፣ አንድ ሙሉ ዙር፣ ወደ ቀኝ። ሽማግሌዎቹ "በግራ የተቋጠረው በቀኝ ይፈታል" ይላሉ። ገፊው ወደ ኋላ አይዞርም። መነሻው መስመር ላይ ሲደርስ መሪውን ይለቅና ይሄዳል። ከዚያ ሻንሲው እዚያው ይቆራረጣል። ያቺን ሞተር ዳግመኛ ማንም አይነዳትም።

እኔ ለቨርል አልገፋሁለትም።

የዚያን ቀን ዝናብ ስለነበር ሰው ሁሉ በዝናቡ አመካኘልኝ። ዝናቡ አይደለም። ሞተሯን ማየት ፈርቼ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ብየዳዬ ተሰብሮ ባየው ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንዴ ጣቱን በትራክተር አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛውን ማወቅ አልፈለግሁም። ኤልዶንን "ቆራርጣትና ጣላት፣ አታሳየኝ" አልኩት።

"ቆረጥኳት ብለኸኝ ነበር" አልኩት አሁን።

"ብዬህ ነበር።"

"ውሸታም።"

"ውሸታም ነኝ" አለ ኤልዶን። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "እሳቱን ለኩሼ ልቆርጣት ስል ብየዳህን አየሁት። አልተሰበረም ኦርሊን። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። ሳላሳይህ እንዴት ልቁረጠው? ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር 'ስሙን አታንሳብኝ' ትላለህ።"

ጎማው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አልተሰበረም...

ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ስበላ ኖርኩ፤ መልሱ የሸሪኬ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

"ታዲያ ለልጅቷ እንዴት ትሰጣታለህ?"

"እኔ ነኝ የጠየቅሁት" አለች ማርሊስ። መቼ እንደመጣች አላየኋትም። "የአባቴን ሞተር ፈለግሁ። ለአንተ እንዳይነግርህ ያስማልኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ኤልዶንን አትቆጣው።"

"ጫማሽንስ?" አልኳት። "እሱን ማን በላው?"

ፈገግታዋ ጠፋ።

"እሱን አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "ኩርባው ላይ ስገባ እግሬን... ሰው የሚያስተካክልልኝ ይመስለኛል።"

ኤልዶን ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ ተጠጋኝ።

"ከሚያዝያ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀይሬያለሁ" አለኝ በጆሮዬ። "ሁለቱም በቀኝ በኩል አለቁ። ጋራዡ ይቆለፋል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርህ... አንተን ነበር የጠረጠርኩት። ሐዘኑ ከብዶህ ተደብቀህ የምትነዳት መስሎኝ ነበር።"

"እኔ መንዳት አልችልም።"

"አውቃለሁ" አለ። "ለዚህ እኮ ነው የፈራሁት።"

ማርሊስ ራስ ቁሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። "የሆነው ይሁን፣ ነገ እወዳደራለሁ" አለች።

"በዚህች ሞተር አይሆንም።"

"አጎቴ..."

"አባትሽን እዚያ ኩርባ ላይ ቀብሬያለሁ። አንቺን አልደግምም።"

ተነሳሁ። ሞተሯን በግራ በኩል ቆሜ መሪዋን ያዝኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አስር ሰዓት ከሩብ ይላል። ውሃ የሚያርከፈክፈው መኪና መሙን አንዴ ዞሮ መውጣቱ ነበር። አፈሩ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ የማንም ዱካ የለበትም።

የመሙ በር ላይ የቆመው ሽማግሌ ባንዲራ አውለብላቢ ወደ ቀኝ ስታጠፍ አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። አጥሩ ላይ ተደግፈው የነበሩ ሦስት አራት አዛውንቶችም አወለቁ።

መግፋት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከባድ ነበረች። ጎማው እርጥቡ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ላብ አጠመቀኝ። የመንኮራኩሩ ሙዚቃ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የአሳማዎቹ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ይሰማኛል። "ምን ያህል ሞኝ ነኝ" አልኩ ለራሴ።

ዙሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ መጀመሪያ የገባሁት አራተኛው ኩርባ ላይ ነው።

ሽርርር...

ከኋላዬ ነው። በግራ በኩል። ብረት እርጥብ አፈር ላይ ሲንሸራተት።

ያንን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከፊቴ ማንም የለም፤ ወደ ኋላ ደግሞ አይታይም።

ስቆም ይቆማል። ስሄድ...

ሽርርር...

ከዚያ ሞተሯ ቀለለች። አንድ ሰው ከኋላ ደግፎ የሚገፋልኝ ያህል ቀለለች። የቨርል ልማድ ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እቃ ስሸከም ከኋላ መጥቶ ሳይነግረኝ ጫፉን ያነሳልኝ ነበር። ወደ ኋላ ላለመዞር ጥርሴን ነከስኩ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ ሙዚቃው ጠፋ።

ልጆቹም ዝም አሉ። መንኮራኩሩ ግን ሲዞር በዓይኔ አያለሁ፤ የልጆቹም አፍ ተከፍቷል...

ሞተሯ በድንገት ከበደች። የመቀመጫዋ ሞላ ሲጢጥ ብሎ ዝቅ አለ። ሰው ሲወጣበት እንደሚለው።

"ቨርል" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "ብየዳው አልተሰበረም አሉ። እኔ አልነበርኩም አሉ።"

አንገቴ ሥር ሞቅ ያለ ትንፋሽ መጣ። የቤንዚንና የትምባሆ ሽታ አለው።

እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። መነሻው መስመር ላይ ማርሊስና ኤልዶን ቆመዋል። ሁለቱም የሚያዩት እኔን አይደለም። ከእኔ ጀርባ፣ መቀመጫው ላይ ነው የሚያዩት።

ጎማው መስመሩን ነካ።

አሁን መልቀቅ ነበረብኝ። ወጉ ግልጽ ነው፤ ለቆ መሄድ ነው።

አልለቀቅሁም...

ወንድሜ ነው። ሦስት ዓመት ስሙን እንኳ አላነሳሁለትም። በዝናብ ውስጥ ጥዬው ነው የሄድኩት። ትንሽ ቆይቼ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናግሬ እለቃለሁ አልኩ። መሪውን ጨምድጄ ይዤ "ይቅር በለኝ" አልኩት። ከዚያም ደገምኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

"አጎቴ" አለች ማርሊስ በሹክሹክታ። "ልቀቀው።"

ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

"አጎቴ... በእናትህ ልቀቀው።"

ለቀቅሁ። ሞተሯ በጎኗ ወደቀች። በዚያው ቅጽበት ሙዚቃው፣ ጩኸቱ፣ ማስታወቂያው ሁሉ ተመልሶ ጆሮዬን ሞላው።

ዞር ስል መሙ ላይ የእኔ ዱካ አለ፣ የጎማው መስመር አለ። ከሁለቱ በስተግራ ደግሞ ሦስተኛ መስመር አለ። ቀጭን ነው፣ በብረት የተሰመረ። ዙሩን ሁሉ ይዞ መጥቶ እግሬ አጠገብ ያበቃል።

ኤልዶን አየኝ፤ አየሁት። መደልደያ አንስቶ መስመሩን ያጠፋ ጀመር። ሲጨርስ እሳቱን ለኮሰ። ሻንሲውን አራት ቦታ ቆረጠው። የእኔን ብየዳ ሳይነካ በዙሪያው ቆርጦ፣ ሲቀዘቅዝ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ቅዳሜ ማርሊስ በውሰት ሞተር ተወዳደረች። አራተኛ ወጣች። ሦስተኛውን ኩርባ ባለፈች ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ፤ በገለጥኩ ቁጥር ነበረች። ሲያልቅ እየሮጥኩ ሄጄ ሰላም እንኳ ሳልላት ጫማዋን ከእግሯ ፈትቼ ገለበጥኩት።

ተረከዙ ነው የተበላው። በውስጥ በኩል። የራሷ ነው።

ሕዝብ ፊት አለቀስኩ። ኤልዶን የቋሊማ እንጨት የያዘ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ "ሰው በተረከዝ ሲያለቅስ ዛሬ አየሁ" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ተፈታ፣ አለቀ አልን።

ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት ሚስቴ ከጓዳ ስወጣ ታየኝ ነበር።

"እግርህን ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

"ታነክሳለህ እኮ። ቨርልን መሰልክ።"

ሳቅሁ። ከዚያ ደጅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ቦት ጫማዬን አወለቅሁ። ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ነው።

ቀኙ አዲስ ነው። ግራው በውጭ በኩል፣ የትንሿ ጣት ጫፍ ላይ፣ እስከ ካልሲው ድረስ ተበልቷል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጫማ ቀይሬያለሁ። ማታ አውልቄ በሩ ሥር አኖራቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግራውን አንስቼ እገለብጠዋለሁ። ውጭው ከደረቀ ሳምንታት ቢሆነውም ጭቃው ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ለማርሊስ አልነገርኳትም። ብነግራት "ልቀቀው" ነው የምትለኝ።